ቢጫው የሸሸበት ኮት

ነካሪዋ ከገንዳው የወጣውን ጨርቅ በረጅም እንጨት አንጠልጥላ፣ ቀለሙ በእግሮቿ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ማጠቢያው ስትሮጥ መምህሩ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ከቀለም የወጣ ጨርቅ ንጹሕ ውሃ እስኪያገኝ ድረስ በዚህ ቤት ለማንም ሰላምታ አይቆምም። ሻለቃ ቢመጣ ይጠብቃል፤ አማት ብትመጣም ትጠብቃለች። መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ መቃኑን ተደግፎ ጠበቀ። በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል፤ አያያዙን ያየ ጨቅላ ያቀፈ ይመስለዋል።

«እንደምን አደርሽ እትዬ?» አለ ጨርቁ ውሃ ውስጥ ሲገባ።

«ደህና አደርክ መምህር? እጄን አልሰጥህም፤ ሰማያዊ ያደርግሃል።»

«እኔማ ድሮም ሰማያዊ ነኝ» አለ እየሳቀ። መምህሩ ብዙ ቀልድ አልነበረውም፤ ያለችውን ደጋግሞ ይሠራባት ነበር።

ጦርነቱ ካለቀ ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል። በዚያ ጦርነት ወንድም ወንድሙን የሚለየው በኮቱ ቀለም ነበር፤ አንደኛው ወገን ሰማያዊ ለበሰ፣ ሌላው አረንጓዴ። ከተማዋን መጀመሪያ አረንጓዴ ለባሾቹ ያዟት፤ በዓመቱ ሰማያዊዎቹ ወሰዷት፤ በመጨረሻም ያሸነፉት እነዚሁ ሰማያዊዎቹ ናቸው። ማቅለሚያ ቤቱ ግን ያኔም ዛሬም አንድ ነው። የአረንጓዴዎቹ ስንቅ ሹም ሲመጣ የነካሪዋ አባት ኮቱን አረንጓዴ ነከረ፤ የሰማያዊዎቹ ስንቅ ሹም ሲመጣ ሰማያዊ ነከረ። ለመጀመሪያዎቹ ስላዘገየ በጥፊ ተመታ፤ ለኋለኞቹ ስላዘገየ በሰደፍ ተመታ። ሰላም ሲወርድ ደግሞ የከተማው ሰው «ሁለት ገንዳ» የሚል ስም አወጣለት። ሲሞት ቤቱም፣ ገንዳዎቹም፣ ስሙም ለልጁ ተረፉ።

እሷ በስሙ አትቆጣም። የሚደንቃት ሌላ ነገር ነው። ጦርነቱ ባለቀ ሰሞን ሰው ሁሉ ኮቱን ይቀብር ነበር። የት ነበርክ ሲሉት «እናቴን ሳስታምም» ይላል፤ በዚያ ዓመት የታመመችው እናት ብዛቷ! አሁን የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶ ነገ ሊከፈት ነው ሲባል ግን ኮት የሌለው ሰው ጠፋ። በዚህ ወር ብቻ አሥራ አንድ ሰው ኮት አምጥቶ አድሺልኝ ብሏታል። እሷም ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ አላት፦ «ለምን ከእነሱ ጋር ሆንክ?»

ፀጉር አስተካካዩ ለሰማያዊዎቹ ነው። ለምን ብትለው፣ አንድ አረንጓዴ ለባሽ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ሳለ ተኩስ ሰማና ሳይከፍለው ምላጩን ይዞበት ሮጠ፤ ከዚያ ወዲህ ስማቸው ሲነሳ ደሙ ይፈላል። ልብስ ሰፊዋ ለአረንጓዴዎቹ ናት፤ የእንጀራ እናቷ ሰማያዊዎቹን ትወድ ነበርና። ከጦርነቱ በኋላ የተወለደው ጫማ ሠሪ ደግሞ ጭራሽ ምክንያት አላስፈለገውም፤ «እንዲያው ደሜ ነው» አላት። ነካሪዋ ይህን ሁሉ ማታ ለባሏ ስትነግረው ጋሪ ነጂው ባሏ ከት ብሎ ይስቃል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የተዋጋነው እኮ እንዲህ አልተጣላንም፤ ጊዜም አልነበረንም።»

መምህሩ አንሶላውን ገለጠው። ውስጡ ያለው የአስር አለቃ ኮት ነው፤ የናስ ቁልፎቹ ሁሉ አሉ፣ የማዕረጉ ጥብጣብ ክንዱ ላይ አለ። ቀለሙ ግን ሄዷል። ሰማያዊ መሆኑ ይታወቃል፤ ግን ደብዝዟል፣ ትከሻው ላይ ወደ ዐመድ ቀርቧል።

«የአባቴ ነው» አለ። «ከልጅነቴ ጀምሮ መስኮታችን አጠገብ ተሰቅሎ የኖረ። ነገ በአዳራሹ ንግግር የማደርገው እኔ ነኝ፤ ለብሼው ልቆም ነው። ያኔ የነበረውን ሰማያዊ መልሺልኝ።»

«ዛሬ ይደርሳል። ንግግሩስ አለቀ?»

«አሥራ ሁለት ገጽ!» ከኪሱ አወጣና ሳትጠይቀው አነበበላት። «"አረንጓዴ ለባሾቹ ሲሸሹ በከተማው እህል ላይ እሳት ለቀቁበት። ከዚህ የባሰ አረመኔነት ከየት ይገኛል?" ምን ይመስልሻል?»

«ድምፅህ ጥሩ ነው» አለች ነካሪዋ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የእህትህ ነገርስ ምን ደረሰ? የወፍጮ ቤቱ ልጅ ጠይቋታል ሲባል ሰማሁ።»

የመምህሩ ፊት ተዘጋ። «አባቱ አረንጓዴ ለባሽ ነበር። ለአባቴ ገዳዮች እህቴን ልዳር? መልሱን ዛሬ ይጠብቃሉ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ኮቱን እወስዳለሁ፤ እግረ መንገዴን ወንዙን ተሻግሬ "አይሆንም" ብያቸው እመለሳለሁ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ታለቅሳለች። ይወጣላታል።» ብሎ ሄደ።

ነካሪዋ እህቱን ታውቃታለች። ሸማ ቤት የምትሠራ፣ ድርና ማግ ስታመጣ አንድ ቀን እንኳ ቀለም የማትሳሳት፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ ከማንም ጋር ያልተጣላች ልጅ ናት። ከወፍጮ ቤቱ ልጅ ጋር ከተነጋገሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ቃል የሚሰጠው ግን አባት ነው፤ አባት ከሌለ ወንድም።

እንግዲህ አንድ የነካሪ ሥርዓት አለ። የመጣ ልብስ ገንዳ ከመግባቱ በፊት አንድ ስፌት ይፈታል። ፀሐይ ያላየው ጨርቅ ስፌት ውስጥ ስላለ፣ ልብሱ ከመነሻው ምን እንደነበረ የሚናገረው እሱ ነው። ይህን ያላየ ነካሪ ቀለም ላይ ቀለም ደርቦ ጭቃ ያወጣል። ነካሪዋ ኮቱን ገልብጣ ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ በትንሿ ቢላዋ የኋላውን ጠርዝ አንድ ጣት ያህል ፈታች፤ ጨርቁን ወደ ውጭ መለሰችው።

አረንጓዴ ነበር።

እንደ ጥድ ቅጠል የጠቆረ አረንጓዴ። ኮቱን ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን አየችው። አልተሳሳተችም። አረንጓዴ የሚባል ቀለም በእነሱ ገንዳ ውስጥ ኖሮ አያውቅም፤ ጨርቁ መጀመሪያ ቢጫ ይነከራል፣ ከዚያ ሰማያዊ ይደረብበታል፣ ሁለቱ ሲገናኙ አረንጓዴ ይሆናሉ። አባቷ «ቢጫ ፈሪ ነው» ይል ነበር፤ «ፀሐይ ሲያይ ይሸሻል። ሰማያዊ ብቻውን ይቀራል።» አንድ አረንጓዴ ኮት መስኮት አጠገብ ለዓመታት ቢሰቀል ሰማያዊ ይሆናል። ይህን ከነካሪ በቀር ማን ያውቃል? ነካሪም ቢሆን ያን ያህል ዓመት ቆሞ አያይም።

ባሏ ለምሳ ሲገባ አሳየችው። ጋሪ ነጂው ቆቡን አወለቀና አናቱን አከከ።

«ንከሪው» አለ። «ገንዳ አፍ የለውም።»

«ልጅቷስ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ነገ ምን እንደሚሉሽ ልንገርሽ? "ሁለት ገንዳ ዛሬም ኮት ቀየረች" ይሉሻል። መምህሩ ራሱ በመጀመሪያ የሚለው እሱን ነው።»

እውነቱን ነበር። ነካሪዋ ኮቱን በእንጨቱ አንጠልጥላ በሰማያዊው ገንዳ አፋፍ ላይ ቆመች። አንዴ ብትለቀው ስፌቱም፣ ኪሱም፣ ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም፣ እሷም ራሷ፣ ምንም ማረጋገጥ አትችልም። እጇ ደከማት። አለቀቀችውም፣ አላነሳችውም።

«ነከርሽው?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

የመምህሩ እናት ናት። ትንሽ፣ ቀጭን፣ ነጠላዋ ከራሷ ላይ የተንሸራተተ፤ ከቤቷ እዚህ ድረስ እየሮጠች እንደመጣች ትንፋሿ ይናገራል።

«ገና ነው፤ ተቀመጪ እቴ።»

ሴትዮዋ የቀለም ከረጢት ላይ ተቀመጠችና የኮቱን ጠርዝ ያዘች። የተፈታውን ስፌት አላየችውም። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንዳትስቂብኝ። ለልጆቼ የማይነገር ነው። እኔ እብድ ነኝ?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን ሆንሽ?»

«ይህ ኮት ሲመጣልኝ አረንጓዴ ነበር።» የነካሪዋን ፊት አየች። ነካሪዋ ስላልሳቀች ቀጠለች። «ባሌ ከቤት ሲወጣ ወደ ሰማያዊዎቹ ልሄድ ነው ብሎኝ ነው የወጣው። በወሩ አንድ ቀን መጣ፤ አረንጓዴ ለብሶ። ምንም አልጠየቅኩትም፤ አንዲት ሌሊት ናት ያለችን፣ በጥያቄ አላጠፋትም አልኩ። ሴቷን የፀነስኩት ያኔ ነው። ከዚያ ሞተ ብለው ኮቱን ላኩልኝ። ሰማያዊዎቹ አሸነፉ፤ እኔም ፈርቼ ሣጥን ውስጥ ቀበርኩት። ወደዚህ ከተማ ስንመጣ፣ የሚያውቀን ስለሌለ፣ ናፈቀኝና አውጥቼ ሰቀልኩት። እና... በየዓመቱ ተለወጠ። ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው "አባዬ የየትኛው ነበር?" አለኝ። ኮቱን ቀና ብዬ ባየው ሰማያዊ ሆኗል! "ኮቱን አታየውም?" አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። እሱም በዚያው አደገ። እኔም ከጊዜ በኋላ፣ እንጃ፣ ድሮም ሰማያዊ ነበር ይሆናል አልኩ። አረንጓዴውን በሕልሜ ያየሁት ይመስለኝ ጀመር። ሰው የዓይኑን ይጠራጠራል?»

ነካሪዋ ጠርዙን ገልብጣ አሳየቻት።

እናትየዋ አረንጓዴዋን ጨርቅ በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት። ረጅም ጊዜ ዳበሰቻት። «አላበድኩም» አለች በመጨረሻ፤ ልክ በሽታ የለብሽም እንደተባለች።

በዘጠኝ ሰዓት መምህሩ ሲመጣ እህቱ ከኋላው ነበረች። ከሸማ ቤት ወጥታ መንገድ ላይ ጠብቃው መሆን አለበት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ቃሏ ግን የረጋ ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ አናግረው ነው የምልህ፤ አባቱን አይደለም፣ እሱን እኮ ነው የማገባው» ትለዋለች። እሱ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይመለከትም። በሩን ሲገባ እናቱን አየና ቆመ፤ ቀጥሎ ያልተነከረውን ኮት አየ።

«እትዬ፣ ምን ሆነ?»

ነካሪዋ ስለ ቢጫውና ስለ ፀሐይ ነገረችው። ቀስ ብላ፣ ለደንበኛ እንደምትነግረው። የተፈታውን ስፌት አሳየችው።

«ነክረሽው ነው!» አለ መምህሩ ወዲያው። «ስፌቱን ከፍተሽ ቀለም ቀብተሽው ነው! ድሮም ሁለት ገንዳ...»

«ትለኛለህ ብዬ ነው ሌላውን ያልነካሁት» አለችና ቢላዋዋን በእጀታዋ በኩል አቀበለችው። «የፈለግከውን ስፌት ራስህ ምረጥ።»

መምህሩ እናቱን አየ። እናቱ እጇን እያሻሸች መሬት መሬት ታያለች። ቢላዋውን ተቀብሎ የውስጥ ኪሱን መረጠ፤ ከታች ያለውን ክር በጥሶ ገለበጠው። ከኪሱ ግርጌ አቧራ ረገፈ። ጨርቁ አረንጓዴ ነበር። የአንገትጌውን ውስጥ ፈታ፤ አረንጓዴ። የቁልፉን ሥር አየ፤ አረንጓዴ። ሌላ የሚፈታ ሲያጣ ቢላዋውን አስቀምጦ የተገለበጠ በርሜል ላይ ቁጭ አለ።

ነካሪዋ ከገንዳው ሥር እሳቱን ቆሰቆሰች።

«እንግዲያው...» አለ መምህሩ። ከኪሱ ጽሑፉን አወጣ፤ ገለጥ ገለጥ አደረገው፤ ግንባሩን አጨማደደ። «እንግዲያው ብዙ ነገር መታየት አለበት። ለምሳሌ እህሉ። እህሉን ያቃጠሉት እኮ ለጠላት ጦር እንዳይውል ነው። ማንኛውም አስተዋይ አዛዥ የሚያደርገው ነው። በዚያ ላይ ሰማያዊዎቹ ከተማዋን ሲይዙ ያደረጉት በደል ተጽፎ አያውቅም፤ እኔ ራሴ ልብ ብዬው ነበር...»

ነካሪዋ አፏን ይዛ አየችው። በሕይወቷ ብዙ ጨርቅ ቀለም ሲቀይር አይታለች፤ እንዲህ ፈጥኖ የቀየረ አላየችም።

«ጠዋት አረመኔዎች ነበሩ» አለችው። ልታሳፍረው አልነበረም፤ በእውነት ስለገረማት ነው።

መምህሩ አልሰማትም፤ ፊቱ በርቶ ወደ እህቱ ዞሯል። «እንግዲያው መልሱ እሺ ነው! አባቶቻችን አንድ ወገን ነበሩ። ወደ ወፍጮ ቤቱ አብረን እንሂድ። አሁን ምንም የሚከለክል የለም!»

እናትየዋ እልልታ ልታሰማ እጇን ወደ አፏ አነሳች። እህትየዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«ጠዋት በኮቱ ከለከልከኝ» አለች። «አሁን በኮቱ ፈቀድክልኝ። ነገ ደግሞ ሰማያዊውም ለቅቆ ነጭ ቢሆንስ ጋሼ? ለማን ትሰጠኛለህ?»

«እንዴት እንዲህ...»

«ሦስት ዓመት ስለ እሱ ስነግርህ አንዲት ቀን "ሰውዬው ምን ዓይነት ነው?" ብለህ ጠይቀኸኛል? በኮት የሚሰጥ ፈቃድ አልፈልግም። መልሱን ራሴ እነግረዋለሁ። እናቴን እየመጣሁ አያታለሁ። አንተን ግን...» አልጨረሰችውም። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

መምህሩ ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ከኮቱ በቀር የሚይዘው ስላልነበረው ኮቱን ያዘ። እጅጌውን ሲያገላብጥ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ በወፍራም ክር መሰፋቱን አየ።

«ይህን ማን ሰፋው? አንቺ ነሽ እማዬ?»

እናቱ ተጠግታ አየችና ከንፈሯን ገለበጠች። «እኔ? በጆንያ ክር? እንዲህ የተንሻፈፈ ስፌት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

ነካሪዋም አጎንብሳ አየች፤ እንደ ዶሮ እግር የተንጋደደውን ስፌት። ከዚያ ፊቷ ጋለ።

«የእኔ ነው» አለች።

ሁለቱም ቀና አሉ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አረንጓዴ ኮታቸውን ሊወስዱ የመጡ ወታደሮች ደጅ ላይ ተሰልፈው ነበር። አንዱ አጭር ነበር፤ እጅጌው ጣቶቹን ዋጠው። "እህት ዓለም፣ በዚህ እጅ እንኳን ልተኩስ አፍንጫዬን ማበስ አልችልም" አለኝ። ሳቄ መጣ። በቤት ውስጥ የነበረው የጆንያ ክር ብቻ ነው፤ በዚያ ሰፋሁለት።»

«አጭር ነበር» አለች እናትየዋ ለራሷ። «አዎ። ቀልደኛም ነበር።»

መምህሩ የሰማ አይመስልም ነበር፤ ከዚያ ግን ድምፁ እንደ ተማሪ ልጅ ወጣ። «ሌላስ ምን አለሽ?»

«እኔ ያኔም ልማዴ ነው፤ "ለምን ከእነዚህ ጋር ሆንክ?" አልኩት። ሌሎቹን ስጠይቃቸው ሃገር ይሉኛል፣ ፍትሕ ይሉኛል። እሱ ሳቀ። "ወደ ሰማያዊዎቹ ልሄድ ነበር" አለኝ። "ወንዙ ጋ ስደርስ ጎርፉ ድልድዩን ወስዶታል። ሁለት ቀን ቆምኩ፤ አልጎደለም። በዚህ በኩል ያገኘኋቸው እነዚህን ነው፤ ሾርባ ሰጡኝ።"»

እናትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ትስቅ ይሁን ታለቅስ አይለይም ነበር። «ሃያ አራት ዓመት!» አለች ከነጠላዋ ውስጥ። «ሃያ አራት ዓመት ምን ብበድለው ነው የከዳኝ ስል! ጎርፍ?»

«እስከዛሬ ለምን አልተናገርሽም?» አለ መምህሩ።

«የማን ኮት እንደነበረ በምን አውቄ? ደግሞስ ማን ጠይቆኝ? የሚመጣው ሁሉ የቱ ጋር እንደነበረ ሊነግረኝ ነው የሚመጣው።»

መምህሩ አሥራ ሁለቱን ገጽ አየ። አንድም ቃል ሳይሰርዝ አጠፋቸውና በርሜሉ ላይ ተዋቸው። ከዚያ ብድግ አለ፤ ኮቱ ከጉልበቱ ላይ ወርዶ ቀለም የጠጣው መሬት ላይ ወደቀ፤ አላነሳውም።

«ወዴት ነው?» አለች እናቱ።

እሱ ወጥቷል። ነካሪዋ ወደ በሩ ሄደች። ከማቅለሚያ ቤቱ ደጃፍ ወንዙና አዲሱ ድልድይ ፊት ለፊት ይታያሉ፤ የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ከማዶ ነው። እህትየዋ የድልድዩ እኩሌታ ላይ ደርሳለች። መምህሩ እጁን እያወናጨፈ ይሮጣል፤ ጫማው እንደሚጠበው ያስታውቃል።

«ደረሰባት?» አለች እናት ከከረጢቱ ላይ ሳትነሳ።

«ደረሰባት።»

«ምን ይላታል?»

«ከዚህ አይሰማም እቴ። በእጁ ወደ ታች ያሳያታል።»

«ወደ ምኑ?»

«ወደ ውሃው።» ነካሪዋ ዓይኗን ከፀሐዩ በሰማያዊ መዳፏ ጋረደች። እህትየዋ መጀመሪያ ፊቷን አዙራ ነበር፤ ቆይታ የድልድዩን አግዳሚ ያዘች፤ ቆይታ አጎነበሰች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ወንዙን እያዩ ነበር። የልጅቷ ትከሻ እንደ እናቷ ትከሻ ተንቀጠቀጠ።

«አሁንስ?»

«አሁን ትናገራለች። እሱ እየሰማ ነው።»

«እሱ? እየሰማ?»

«እየሰማ ነው አልኩሽ። ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። አንድ ነገር ጠየቃት መሰለኝ... እሷም እጇን እስከዚህ አድርጋ ታሳየዋለች፤ የወፍጮ ቤቱን ልጅ ቁመት ይሆናል።» ነካሪዋ ማየቷን ቀጠለች፤ ከኋላዋ ገንዳው እየገነፈለ ነበር፤ ለዚያን ቀን ተወችው። «ቀና አሉ። ወደ ማዶ እየሄዱ ነው።»